ጭብጨባ የሰማ አስተናጋጅ

ጋሽ ኤርሲዶ ማረፉን የሰማሁት የስምንት ሰው ጠረጴዛ እያሰናዳሁ ነው። እጄ ላይ ሹካ ስለነበረ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል አጣብቄ አነሳሁት። ልጁ ማርታ ናት። «ትዕግስትዬ፣ አባዬ…» አለችና ቀሪው አልወጣ አላት። መውጣትም አላስፈለገውም። ከወር በላይ አልጋ ላይ ነበርና ሁላችንም የምንጠብቀው ነገር ነው፤ ግን የሚጠበቅ ሞትም ሲመጣ ያው ሞት ነው። ስልኩን ዘግቼ የቀሩትን ሦስት ሹካዎች በየቦታቸው አስቀመጥኩ፤ ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ጠረጴዛውን ግማሽ ላይ ትቼው ብወጣ ኖሮ ሰውየው ከሞተበት ተነስቶ ይቆጣኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

የምንሠራበት ክለብ ሐይቁ ዳር ነው። የአባልነት ካርድ የሌለው ሰው ወይ አባል ይዞት ይገባል፣ ወይ ከበር ይመለሳል። የተስተካከለ ሣር አለው፣ ቴኒስ ሜዳ አለው፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ተደርድረዋል። ጦጣዎቹ ብቻ ያለ ካርድ ይገባሉ። ከሚኒስትር ፊትም ቢሆን ዳቦ መንትፈው ዛፍ ላይ ሲወጡ «አባል ናችሁ ወይ?» የሚላቸው የለም። ጋሽ ኤርሲዶ የዚህ ምግብ ቤት ዋና አስተናጋጅ ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት። በወጣትነቱ ከሆሳዕና ገጠር መጥቶ፣ እዚሁ ሥራ ለምዶ፣ ታቦር ሰፈር ቤት ሠርቶ፣ እዚሁ ሸበተ። ረጅምና ቀጭን ነው። ግራ ክንዱን ወገቡ ላይ አጥፎ ነጭ ፎጣ ያንጠለጥልበታል። ፎጣው ባይኖርም ክንዱ ይታጠፋል። ቸርች ቆሞ ሲዘምር እንኳ ክንዱ እንደታጠፈ ነው እያሉ ምእመናኑ ይስቁበት ነበር።

እኔ ስቀጠር ገና ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን «ጋሽ ኤርሲዶ፣ ምን ልርዳዎት?» ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

«አንቱታውን ለጠረጴዛው አስቀምጪው» አለኝ። «እኔ ላይ ከጨረስሽው ለእንግዳ ምን ሊተርፍሽ ነው?»

ከዚያ ወዲህ አንተ ነው የምለው። ዛሬም አንቱ ማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ ሙት ነው ብዬ ብለውጠው አይወድልኝም።

በዚያው ቀን ይመስለኛል፣ አንድ እንግዳ ሲያጨበጭብ ሰማሁና ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጥኩ። ሌሎቹን አስተናጋጆች ቀድሜ በመድረሴ ኩራት ኩራት ብሎኛል። ጋሽ ኤርሲዶ ወደ ጥግ ጠራኝ።

«ምን ያስሮጥሻል?»

«አጨበጨቡ እኮ!»

«ጭብጨባ የሰማ አስተናጋጅ ዘግይቷል» አለኝ። «ሰው እጁን ለማጨብጨብ ከማንሳቱ በፊት አንገቱን ያነሳል። አንቺ እጅ አትጠብቂ፣ አንገት ጠብቂ።»

እስኪ ይታያችሁ! ስድስት ጠረጴዛ ይዤ፣ በየጠረጴዛው አራት አምስት ሰው፣ የሁሉንም አንገት! በሆዴ «ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው» አልኩ። በኋላ ግን ቆሜ ስከታተለው እውነትም ለእሱ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። እንግዳው ቀና ሲል ጋሽ ኤርሲዶ አጠገቡ ነው። መሬቱ ያበቀለው ይመስል።

ሌላው ትምህርቱ የእምቢታ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና ሰብስቦን «እንግዳን የምትጠይቁት አንድ ጊዜ ነው፤ አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው» ብሎ አስተማረን። ጋሽ ኤርሲዶ አንገቱን በአክብሮት ነቀነቀ። ከስብሰባው ስንወጣ፣

«የኛ ሰው ሦስት እምቢታ አለው» አለን። «የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው፣ ሁለተኛው እፍረት ነው፣ ሦስተኛው ጥጋብ ነው። ሦስተኛው ሳይመጣ ሳህን አታንሱ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ አስኪያጁ ፊት አንድ ጊዜ፣ ሥራ አስኪያጁ ዞር ሲል ሦስት ጊዜ እንጠይቃለን።

ዕቃ ማስቀመጫው ቁም ሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ የመዳብ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ደብቆ ያስቀምጥ ነበር። ክለባችን የእጅ መታጠቢያው ዕብነ በረድ ነው፣ ሳሙናው ጥሩ ይሸታል፣ ማንቆርቆሪያ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። አንድ እሁድ አንድ ወጣት እናቱን ከገጠር አምጥቶ ምሳ ጋበዛቸው። ልጁ አዲስ ሥራ ይዟል፣ ደስ ብሎታል፣ ለእናቱ ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ አዘዘ። ዓሣው ከነጭንቅላቱ መጣ። እናትየው ግራና ቀኝ የተደረደረውን ሹካና ቢላ አዩ፣ አጠገባቸው በሹካ የሚበሉትን ሰዎች አዩ፣ ከዚያ «እኔ እንኳ አልራበኝም» ብለው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ጋሽ ኤርሲዶ ሄደ፣ ማንቆርቆሪያውን ለብ ባለ ውሃ ሞልቶ መጣ፣ አጠገባቸው ጎንበስ ብሎ፣

«እማማ፣ ዓሣ በእጅ ነው። ሹካ ዓይን ስለሌለው አጥንት አያይም፤ ባለፈው ሳምንት እዚች ጋ አንድ ትልቅ ሰው አንቆ ሊገድልብን ነበር» አላቸው።

ውሸቱን ነው፤ ማንንም አላነቀም። እማማ ግን ሳቁ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ አስታጠባቸው። አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛም «እስቲ ለኛም» ብሎ ሹካውን አስቀመጠ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ማንቆርቆሪያውን አየና «ይሄ ለክለቡ ደረጃ አይመጥንም» ብሎ እንዲወገድ አዘዘ። ጋሽ ኤርሲዶ አልተከራከረም። በጋዜጣ ጠቅልሎ በባጃጅ ቤቱ ወሰደው።

እኔ እንኳ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ከሽማግሌዎች ጋር ነው። ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ሽማግሌዎች አንድ አባል ይዟቸው መጡ። ቶሎ ብዬ ጥብሱን ደረደርኩ። ማንም አልነካም። ቀዘቀዘ። እኔ ምግቡ የተበላሸ መስሎኝ ሰብስቤ መለስኩት፣ ወጥ ቤት ገብቼ ከሼፉ ጋር ተጨቃጨቅኩ፣ እንደ አዲስ አሠርቼ አመጣሁ፤ አሁንም አልነኩም። ጋሽ ኤርሲዶ ነው ያዳነኝ። «አንቺ ልጅ፣ እነሱ እኮ የያዙት ጥያቄ ነው። ጥያቄያቸው ሳይመለስ ውሃ አይጎነጩም። ሽማግሌ ባለበት ጠረጴዛ ቃል ሳይወጣ ምግብ አይወጣም» አለኝ። ሼፉ ለአንድ ወር አኩርፎኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ማርታ ለጋሽ ኤርሲዶና ለባለቤቱ ለእትዬ ታደለች አንድ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ናሆም ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደዱ። የናሆም አባት ደግሞ አቶ ተካልኝ ናቸው፣ የክለቡ አባል፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ። በየእሁዱ ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲስቁ ከልባቸው ነው፣ ሰው መጋበዝም ይወዳሉ። ግን መዳፋቸው ሰፊ ነው፣ ሲያጨበጭቡ ዛፍ ላይ ያለው አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ ሳይቀር ይነሳል። በእኛ ላይ ስንት ጊዜ አጨብጭበዋል! በጋሽ ኤርሲዶ ላይ አንድም ጊዜ አላጨበጨቡም። ዕድል አልሰጣቸውማ።

ልጆቹ መጋባት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ አቶ ተካልኝ ደስ አላቸውና ሰው ላኩ። መልእክቱ እንዲህ ነበር፦ «ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁና እሁድ ምሳ ክለቡ ውስጥ እንገናኝ። ዘመንህን ሙሉ አስተናገድከን፤ አንድ ቀን ደግሞ እኛ እናስተናግድህ።»

እትዬ ታደለች እሳት ጎረሱ። «ሽማግሌ የልጅቷ አባት ደጅ መጥቶ ነው የሚቆመው! የልጁ አባት ደግሞ ከሽማግሌ ጋር ምን አባቱ ሊያደርግ ይመጣል? ደግሞስ ከቦታው ሁሉ አንተ ሳህን በምታነሳበት?»

«ታደለች፣ ሰውየው አላወቀም እንጂ አልናቀም» አላቸው ጋሽ ኤርሲዶ። «እምቢ ብል ‹አስተናጋጁ ኮራ› ይላሉ፤ ጦሱ ለማርታ ነው የሚተርፈው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስንጨርስ ሰባት ቁጥር አጠገብ ቆመን ብርጭቆ እየወለወልን ነበር።

«ነገ ይቺን ጠረጴዛ አንቺ ነሽ የምትይዢያት» አለኝ። ብርጭቆውን አስቀመጠና ቀጠለ። «ትዕግስት፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈራው። ነገ እዚህ ወንበር ላይ ካጎነበስኩ፣ ልጄ እዚያ ቤት ዕድሜ ልኳን ታጎነብሳለች። የሚያገቡት የአስተናጋጅ ልጅ ሳይሆን የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። አንቺ እንደማታውቂኝ አድርገሽ አስተናግጂኝ።»

«እሺ» አልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

እሁድ ግራጫ ሱፉን ለብሶ መጣ። እኛ ሠራተኞች የምንገባው በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለችው የጓሮ በር ነው፤ ያን ቀን እሱ በፊት ለፊት ገባ። ጥበቃው ሰላምታ ሰጠው። ወጥ ቤት ያሉት በሙሉ በበሩ ክብ መስታወት ተጋፍተው እያዩት ነው። ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው፤ አለቃቸው መምህር ወልደየስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። አቶ ተካልኝ መሃል ላይ። መምህር ወልደየስ ወንበሩን ስስብላቸው አልተቀመጡም፤ መደገፊያውን ይዘው ጋሽ ኤርሲዶን አዩት። እንደ ወጉማ የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» እስኪል መቆም ነበረባቸው።

«ተቀመጡ እንጂ መምህር!» አሉ አቶ ተካልኝ። «እዚህ ማንም አይቆምም።»

ተቀመጡ። ጋሽ ኤርሲዶም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ውሃ ቀዳሁ፤ ለእሱ ስቀዳ እንደማያውቀኝ ሐይቁን ነው የሚያየው። ውሃውን ማንም አልነካም። ይሄኔ ገባኝ፤ ጥያቄው ገና አልቀረበም። ስለዚህ ዓሣው ደርሶ ሳለ ወጥ ቤት ያዝኩት። ቃል ሳይወጣ ምግብ አይወጣም ተብያለሁ። ሼፉ «ውሰጂ!» ይላል፣ እኔ «ቆይ» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ያወራሉ፤ የልጁ አባት መሃላቸው ተቀምጠው እያሉ ልመናውን እንዴት ብለው ይጀምሩት? እፍረት ያዛቸው። አቶ ተካልኝ አንገታቸውን አነሱ። አየሁ፤ አንገታቸውን ሲያነሱ በመስታወቱ አይቻለሁ። ግን ቆምኩ። የጋሽ ኤርሲዶን አንዱን ትምህርት ስጠብቅ ሌላውን ጣልኩት።

አቶ ተካልኝ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ።

በሩን ገፍቼ ስወጣ ጋሽ ኤርሲዶ ቆሟል። ማንም ተነስ አላለውም፤ እግሩ ነው የተነሳው። ግራ ክንዱ ወገቡ ላይ ታጥፏል፣ ፎጣ የለበትም። አንገቱ ወደ አቶ ተካልኝ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ከዚያ የሆነው ነገር ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። አቶ ተካልኝ መዳፎቻቸው እንደተጋጠሙ ቀሩ። እኔ ዓሣውን እንደያዝኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። በእኔ ምክንያት! እሱ በሕይወቱ ሙሉ ያላስጨበጨበው ሰውዬ፣ በእኔ መዘግየት፣ በልጁ ቀን!

ቁጭ ቢል፣ ስህተቱን ማመኑ ነው። ቆሞ ቢቀር፣ አስተናጋጅ ነው። ማርታ እዚያ ቤት ስትገባ ይቺ ወሬ ቀድማት ትገባለች። ይሄን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው፤ ያኔ ጭንቅላቴ ባዶ ነበር።

መምህር ወልደየስ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«ልክ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «የልጅቷ አባት ቆሞ እኛ ልንቀመጥ አይገባም። ጥፋቱ የኛ ነው።»

ሌሎቹ ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ብድግ አሉ። አቶ ተካልኝ ግራ ተጋብተው ዙሪያውን አዩ፤ ቀስ ብለው፣ በመጨረሻ፣ እሳቸውም ተነሱ። ጉልበታቸው ላይ የነበረው ናፕኪን መሬት ወደቀ። አላነሱትም።

«አቶ ኤርሲዶ» አሉ መምህር ወልደየስ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ደጅዎ መጥተን መቆም ሲገባን እዚህ አስጠራንዎት፤ ይቅር ይበሉን። የመጣነው ልጅዎን ማርታን ለልጃችን ለናሆም እንዲሰጡን ለመለመን ነው።»

ጋሽ ኤርሲዶ ክንዱን ቀስ አድርጎ ዘረጋው። ሲዘረጋ አይቻለሁ፤ ከባድ ዕቃ የሚያወርድ ይመስል ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለ። «እዚህ ቤት እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ልጅ የምሰጥበት ቤት ታቦር ነው፣ እናቷም እዚያው ናት። የሳምንት ሰው ይበለን፤ እሁድ ቤቴ ኑ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ትዕግስት፣ ዓሣውን መልሺው። እነዚህ ሰዎች ዛሬ አይበሉም።»

ሁሉንም ጨበጣቸው፤ አቶ ተካልኝንም። በፊት ለፊቱ በር ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ፎጣ እያጠፈ አገኘሁት። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ዘገየሽ» አለኝ።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ እኔ እኮ…»

«ዘገየሽ አልኩ እንጂ አጠፋሽ አልኩ? እንዲያው በዕድሜሽ አንዴ በደንብ ዘገየሽ» አለና እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን ፎጣ ውስጥ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ታቦር መጡ። እትዬ ታደለችን ላግዝ እዚያው ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሙ፣ «ተቀመጡ» እስኪባሉ ቆሙ፣ ለመኑ፣ ተፈቀደላቸው። አቶ ተካልኝ በወጉ መሠረት ከግቢው ውጭ መኪናቸው ውስጥ ሲጠብቁ ቆይተው ተጠሩ። ሲገቡ ከምንም በፊት የጭብጨባውን ነገር አነሱ፤ ላባቸው ነው የሚወርደው።

«እሱን ተዉት» አላቸው ጋሽ ኤርሲዶ። «ጭብጨባ የሰማ አስተናጋጅ ዘግይቷል ይባላል። ጥፋቱ የዚች ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ከጓዳ ያንን የመዳብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ወጣና አቶ ተካልኝ ፊት ጎንበስ አለ። እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ «ኧረ አንተ አይደለህም! ኧረ በሞቴ!»

«እጅዎን ያምጡ» አላቸው። «እዚያ ሥራዬ ነበር፣ እዚህ ግን ቤቴ ነው። ሰው በቤቱ ቢያስታጥብ አያንስም።»

እጃቸውን ሰጡት። ውሃው ሲወርድ ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ ሠርግ ሆነ፣ የልጅ ልጅ መጣ፣ ጋሽ ኤርሲዶ ጡረታ ወጣ። የእሱን ቦታ ሰጡኝ። አቶ ተካልኝ እሁድ እሁድ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ሰባት ቁጥር ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ።

የሐዘኑ ድንኳን የተጣለው ታቦር፣ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ከቀብር በኋላ በነበረው ቀን ከክለቡ ተረኛ ያልሆንነው ሁሉ ሄድንና የድንኳኑን መስተንግዶ ያዝን። ማንም አላዘዘንም፤ ሌላ የምናውቀው ነገር የለም። መዘምራኑ ዝግ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። እትዬ ታደለች ማርታን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አቶ ተካልኝ ከሐዘንተኞቹ ጋር ፊት ነበሩ። እኔ ሳህን እያደልኩ አንገት አንገት አያለሁ፤ ግን ዓይኔ እንባ ስለሞላ አንገት ከአንገት አልለይ አለኝ።

ከሆሳዕና ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ምግብ ቀርቦላቸዋል፣ እጃቸውን ያስታጠባቸው የለም። ክፋት አስበው አይደለም፤ እንደ አገራቸው ልማድ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርገው አጨበጨቡ።

ሳህኑን ጥዬ ስዞር ከፊት አንድ ሰው ቆሟል። አቶ ተካልኝ ናቸው። ካሉበት ተነስተው፣ በሰዉ መሃል አልፈው፣ ጥግ ላይ የነበረውን የመዳብ ማንቆርቆሪያ አንስተዋል። ሁለታችንም አንድ ላይ ሽማግሌው ዘንድ ደረስን። ማንቆርቆሪያውን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም። ማስታጠቢያውን እንድይዝላቸው በዓይናቸው አሳዩኝ።

ጎንበስ ብለው ውሃውን ሲያፈሱ በጆሮዬ «ዘገየን፣ ልጄ» አሉኝ።

ሽማግሌው ታጥበው እጃቸውን አራገፉና መረቁን።